ካድ ሲክድ

የነገሩ መነሻ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ነው። ሠርጉ ሁለት ሳምንት የቀረው አንድ ጎረምሳ አሶሳ ካለችው የእንጨት ሥራ ቤቴ ብቅ አለና ስልኩን ከፍቶ ፎቶ አሳየኝ። ቱርክ ይነሳ ዱባይ አላወቅሁም፤ ዕቃው እግር የለውም፣ ግድግዳ ላይ ተንሳፍፏል፣ ከሥሩ ሰማያዊ መብራት ይረጫል። «ይቻላል» አልኩት። ሃያ ምናምን ዓመት በአናጢነት ስኖር «አይቻልም» ብዬ ደንበኛ መልሼ አላውቅም። መቻል አለመቻሉ ቀብድ ከተቀበሉ በኋላ የሚታሰብበት ጉዳይ ነው። ልጁ ግን እጁን ወደ ኪሱ አልሰደደም። «እሺ ጋሼ፣ መጀመሪያ ስሪ ዲውን አሳየኛ» አለኝ።

ስሪ ዲው ምን እንደሆነ መጠየቅ አሳፈረኝና «ነገ ና» አልኩት። ነገን አልጠበቀም። ላፕቶፕ ያለው ሌላ ልጅ ዘንድ ሄደ። ያ ልጅ መጋዝ የለውም፤ መላጊያ የለውም፤ ጣቶቹ ላይ አንዲት ጠባሳ አይታይም። ገና ያልተሠራውን ዕቃ ግን ከላይም ከታችም እያገላበጠ፣ ሰማያዊ መብራቱን እያበራ እያጠፋ አሳየውና ቀብዱን ተቀበለ። ከዚያ በኋላ ሥራውን ማን እንዲሠራለት ነው? ወደ እኔ አመጣውና በግማሽ ዋጋ ሰጠኝ። ሠራሁት። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም፤ በሳምንቱ የማታ የኮምፒውተር ሥልጠና ተመዘገብኩ።

«ምንድን ነው የምትማረው?» አለች ባለቤቴ።

«አውቶካድ።»

«ካድ? ማንን ነው የሚያስክዱህ?»

እኔ በሰዓቱ ስቄ አለፍኩ። በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። የእንግሊዝኛው ትርጉም በኮምፒውተር እየታገዙ ንድፍ መሥራት ነው ቢባልም፣ ለጀማሪ ሰው የአማርኛው ትርጉም ይቀርባል። ከአንድ ሰዓት በፊት በገዛ እጄ የሣልኩትን «የለም» ብሎ የሚክድ ፍጥረት ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

አስተማሪያችን በቅርቡ ከዩኒቨርሲቲ የወጣች፣ በዕድሜ ከመጀመሪያ ልጄ የማትበልጥ ወጣት ናት። እኔ «ቲቸር» እላታለሁ፣ እሷ «ጋሼ» ትለኛለች። ስታስጨንቀኝ ግን አፌ ያመልጠኝና «ኧረ ልጄ» እላለሁ፤ ክፍሉ ይስቃል። ክፍሉ የሚባሉት አሥር የሚሆኑ ምሩቃን ናቸው፤ ሁሉም በሁለት እጃቸው ስልክ እየነካኩ ያደጉ። እኔ የመጀመሪያውን ምሽት የጨረስኩት ማውስ ስለመያዝ ነው። መዶሻ የለመደ እጅ ማውስ ሲይዝ ይጨብጠዋል። «ጋሼ፣ አይጭመቁት፣ ያሳርፉበት ብቻ» ትለኛለች። ሳሳርፍበት ደግሞ ቀስቱ ከስክሪኑ ጥግ ገብቶ ይደበቃል።

ከስክሪኑ ግርጌ አንዲት ጠባብ መስመር አለች። ምንም ልሥራ ብል እሷን ሳላስፈቅድ አይሆንም። መስመር ላሰምር «ኤል» ብዬ ኢንተር ስመታ፣ «ስፔሲፋይ ፈርስት ፖይንት» ትላለች፤ መነሻህን ተናገር ማለቷ ነው። ስነግራት ደግሞ ቀጣዩን ነጥብ ትጠይቃለች፤ መድረሻህስ? ከአሶሳ ተነስቶ በመንዲና በነቀምቴ አድርጎ አዲስ አበባ የተጓዘ ሰው ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነው መንገድ ኬላ በደረስክ ቁጥር ከየት ነህ፣ ወዴት ነህ ትባላለህ። የኬላው ሰው ግን «አዲስ አበባ፣ እህቴ ዘንድ» ከተባለ ይበቃዋል። ይቺኛዋ የእህቴን ቤት በሚሊ ሜትር ትፈልጋለች። ርዝመቱ ስንት ነው ስትለኝ «ሁለት ሜትር ገደማ» ልላት ኪቦርዱን ከዳር እስከ ዳር ፈተሽኩት፤ «ገደማ» የሚል ቁልፍ የለውም።

እኔ ደግሞ በገደማ የኖርኩ ሰው ነኝ። እኔ ብቻም አይደለሁ። አሶሳ መጥታችሁ ቤት ብትጠይቁ የሚሰጣችሁ አድራሻ ይህን ይመስላል፦ «ከትልቁ ማንጎ ዝቅ ትሉና፣ ባጃጆቹ ከሚቆሙበት ሳትደርሱ፣ የቀርከሃ አጥሩን ተከትላችሁ ጠምዘዝ ስትሉ ልጆች የሚጫወቱበት አለ፣ እዚያ ጠይቁ።» ከተማው ሁሉ ማንጎ ነው፤ አጥሩም ሁሉ ቀርከሃ ነው፤ ልጆችም በየቦታው ይጫወታሉ። ሆኖም እንግዳው ይደርሳል፤ ቡናው ሳይቀዘቅዝ ይደርሳል። ይህን አድራሻ ለአውቶካድ ብሰጠው የት ያደርሰኝ እንደነበር እግዜር ይወቀው።

በእርግጥ ከማንም በላይ ሊገባኝ ይገባ ነበር፤ ያደግሁት ቁጥር ከስም በሚቀድምበት ሰፈር ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተነስተው ወደ አሶሳ ከመጡት ሰፋሪዎች መካከል የእኔም ቤተሰብ አለበት። ያኔ አሶሳ በወለጋ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። እኔ አምስት ዓመቴ ነው። የሰፈራ መንደሮቹ አምባ ይባሉና ቁጥር ይሰጣቸው ነበር፤ «የት ነው የምትኖረው?» ሲባል «አምባ ይህን ያህል» ነው መልሱ። ቤቶቹ እንደ ወሎው ጎጆ ተራራ ተደግፈው፣ አንዱ ለሌላው ጀርባ ሰጥቶ የተሠሩ አይደሉም፤ በመስመር በመስመር፣ አንዱ ከሌላው በእኩል ርቀት የቆሙ ነበሩ። አባቴ ሞፈር ቆርጦ ሲመለስ ጎረቤት ቤት ገብቶ ጫማውን ካወለቀ በኋላ ነው የሚባንነው። ቲቸር አንድ ምሽት «አሬይ» የሚባለውን ትእዛዝ ስታሳየን፣ አንድ ቤት ሥላ፣ ስንት ረድፍ፣ ስንት ዓምድ፣ በምን ያህል ርቀት ብላ ሞላችና ኢንተር ስትመታ፣ ስክሪኑ ላይ በአንድ ጊዜ መቶ ቤት ተተከለ። ሌሎቹ «ዋው» አሉ። እኔ ግን ያን መንደር አውቀዋለሁ። አባቴ የትኛው ቤት ውስጥ ጫማውን እንዳወለቀ እየፈለግሁ ፈዝዤ ቀረሁ።

አሬይ ግን ክብም ይችላል። እሱን ሳይ ነው የታረቅነው። የበርታዎችን ክብ ጎጆ አስቡት፤ ግድግዳው ከቀርከሃ፣ ጣሪያው ሾጣጣ የሣር ክዳን። አንድ ወጋግራ ሥዬ፣ መሐሉን ምሰሶው ላይ አድርጌ፣ ሃያ አራት ብዬ ብጽፍ ወጋግራዎቹ ዙሪያውን በእኩል ርቀት ተዘረጉ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቲቸር «ጎበዝ ጋሼ» አለችኝ። ታዲያ ደስታዬ ብዙ አልቆየም፤ ቀርከሃውን እንደ ቀርከሃ ልሣል ብዬ ተነሳሁ። የእኛ የቆላው ቀርከሃ፣ ሽመል የምንለው፣ እንደ ደጋው ውስጡ ባዶ ቧንቧ አይደለም፤ ድፍን ለመባል ትንሽ የቀረው ነው። ሽመል ሲበቅል ደግሞ አስተማሪ አላስተማረውም፤ እዚህ ጋ ጎበጥ፣ እዚያ ጋ አንጓ፣ ጫፉ ላይ እንደ ሽማግሌ ምርኩዝ ዘንበል ይላል። አውቶካድ ይህን አይወድም። ለአንዱ ሽመል አርባ ነጥብ ጠየቀኝ። አርባውን ሰጥቼው ሳየው እባብ የመሰለ ነገር ወጣ። ቲቸር አየችውና «ጋሼ፣ ለጊዜው ቀጥ ያለ ሽመል እንሣል» አለችኝ። ቀጥ ያለ ሽመል አሶሳ ውስጥ ፈልጌ አምጥቼ ላሳያት ነበር፤ ተውኩት።

መቅናት ደግሞ የሚገኘው በአንድ ቁልፍ ነው፤ ኤፍ ስምንት። «ኦርቶ» ይባላል። እሱን ከተጫኑት እጅ ቢንቀጠቀጥም መስመሩ ወይ አግድም ወይ ቁልቁል እንጂ ወደ ሌላ ወገን አይሄድም። ቃሉ የግሪክ ነው፤ ቀጥ ያለ ማለት ነው፤ ከኦርቶዶክስ ጋር አንድ ሥር አለው። ይህን የነገርኳቸው ጊዜ ከአጠገቤ የተቀመጠው አህመድ ብለን የምንጠራው ልጅ «ጋሼ፣ እንግዲያው እኛ ኤፍ ስምንት መጫን አንችልም?» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። የትእዛዞቹ ስም ሁሉ እንዲህ ያስታል። «ብሎክ አስገቡ» ስትለን ዋጋው ስንት እንደገባ ልጠይቃት ነበር፤ ለካ ተሥሎ የተቀመጠ ወንበር ወይም ሰው ከሌላ ቦታ አምጥቶ መትከል ነው እንጂ ብሎኬት አይደለም። «ኤክስፕሎድ አድርጉት» ስትል ወንበሬን ወደ ኋላ ሳብ አደረግሁ። አፈንዱት ማለቷ ግን የተያያዘውን ፈትቶ መበታተን ነው፤ ድምፅ የለውም።

ብሎክን ያነሳሁት ለበሩ ታሪክ ነው።

ያን ምሽት የቤት ፊት ለፊት ገጽታ ሣሉ ተባልን። አዲስ ፋይል ስከፍት ከየትኛው ቅጽ ልጀምር ብሎ ዝርዝር አመጣ፤ ሰው ዝርዝር ሲያይ እንደሚያደርገው የመጀመሪያውን መረጥኩ። በር ሣልኩ፦ ወርዱ 900፣ ቁመቱ 2100። አናጢ ነኝ፤ በር በእንቅልፌም አልስትም። አማረኝና ከጎኑ አንድ ሰው ላቁም ብዬ ብሎክ አስገባሁ። ሰውየው የለም። ፈለግሁት፤ የለም። ካድ ካደ ብዬ ቲቸርን ጠራሁ። መጥታ አቀረበችው፣ ደግማ አቀረበችው፤ ከበሩ ግርጌ፣ ከመድረኩ ሥር፣ እንደ ጉንዳን የቆመ ሰው ተገኘ። ወደ ላይ አንጋጦ ያያል።

ለካ የመረጥኩት ቅጽ የአሜሪካኖች ነው፤ በኢንች ይቆጥራል። እኔ 2100 ያልኩት ሚሊ ሜትር መስሎኝ ነው፤ እሱ 2100 ኢንች ብሎ ያዘ። ሰውየው ግን ከሜትር አገር ስለመጣ በትክክለኛ ቁመቱ ገባ። ቁጭ ብለን ብናሰላው የበሩ ቁመት 53 ሜትር ከ34 ሳንቲም ሆነ። ከክፍሉ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ነገሩን አከፋው። እዚሁ ክልላችን ውስጥ፣ መተከል፣ ጉባ ላይ ያለው የህዳሴው ግድብ ዋናው አካሉ 145 ሜትር ነው፤ እሱን አልደረስኩበትም። ውኃው በጎን እንዳያመልጥ የተሠራው፣ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የኮርቻ ግድብ ግን ቁመቱ 50 ሜትር ነው። የእኔ የቤት በር በሦስት ሜትር በለጠው! ግድቡ መጋቢት 24 ቀን 2003 መሠረቱ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 እስኪመረቅ አሥራ አራት ዓመት ፈጀ፤ እኔ በአንድ ምሽት ጨረስኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍሉ «ጋሼ ኮርቻ» ይለኛል። ቲቸር ብቻ አትለኝም፤ ግን ትስቃለች።

በነገራችን ላይ ከዚህ ፕሮግራም ጋር ዕድሜ ስንቆጥር እኔ እበልጠዋለሁ። ጆን ዎከርና ጓደኞቹ አውቶዴስክን መሥርተው አውቶካድን ለገበያ ያወጡት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1982 ነው፤ በእኛ 1975 መሆኑ ነው። እኔ የ1972 ልጅ ነኝ። በሥርዓቱ ቢሆን እሱም ጋሼ ሊለኝ ይገባ ነበር። አያቱ ግን ይበልጡኛል፤ ኢቫን ሰዘርላንድ የሚባል ወጣት እ.ኤ.አ. በ1963 ለዶክትሬት ሥራው ስኬችፓድ የተባለውን ሠርቶ፣ በብርሃን ብዕር ስክሪን ላይ መስመር እየጎተተ ሥሏል። የኮምፒውተር ንድፍ ሁሉ ከዚያ ይወለዳል ይላሉ። እኛ አገር ያን ጊዜና ከዚያም ብዙ ዓመት በኋላ ንድፍ የሚሠራው ዘንበል ባለ ጠረጴዛ ላይ፣ በቲ ስኩዌር፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ወረቀት ነበር። አንድ በዚያ ዘመን ነዳፊ የነበሩ ሽማግሌ ሥራ ቤቴ ሲመጡ ያጫውቱኛል። ቀለም ሲሳሳቱ ወረቀቱ እንዳይቀደድ ትንፋሽ ይዘው በምላጭ ይፍቁ ነበር። «አሁንስ?» አሉኝ። «ኮንትሮልና ዜድ ይጫኑና ይጠፋል» አልኳቸው። «ስንት ጊዜ?» «እስከ መጀመሪያው።» ዝም ብለው ቆዩና «ያማ ስንፍና ነው» አሉ።

ስንፍና መሆኑ የሚረጋገጠው መብራት ሲሄድ ነው። የእሳቸው ወረቀት መብራት ቢሄድም እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነው። እኔ ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ቁም ሳጥን ስሠራ ቆይቼ፣ እጀታዎቹ ሲቀሩኝ፣ ጭልም። መብራት ሄደ እንላለን፤ የት እንደሄደ፣ ስንት ሰዓት እንደሚመለስ የሚጠይቅ የለም፤ መነሻና መድረሻ አጥብቃ የምትጠይቀው መስመርም አብራ ጠፍታለች። ላፕቶፕ ያላቸው ልጆች ይቀጥላሉ፤ የእኔ የማሠልጠኛው የጠረጴዛ ኮምፒውተር ነው። በጨለማው ውስጥ የቲቸር ድምፅ ይሰማል፦ «ሴቭ አድርጋችሁ ነበር አይደል?» ዝምታ። ፕሮግራሙ በየአሥር ደቂቃው በራሱ ቅጂ ያስቀምጣል ይባላል፤ እውነት ነው፤ ግን የሚያስቀምጥበትን ቦታ ለማግኘት የባሰ ጨለማ ውስጥ መግባት ነው። አሁን እጄ ሳላዘው ኮንትሮል ኤስ ይጫናል። ቤት እራት ስበላም ጣቴ ጠረጴዛውን ሲነካካ ባለቤቴ ታየኛለች።

እንግዲህ የመጨረሻው ሥራ ደረሰ፦ የራሳችሁን ቤት ለክታችሁ ሥላችሁ አምጡ። ቤቴን የሠራሁት ራሴ ነኝ፣ ከሃያ ዓመት በፊት። ማንም አልነካብኝም። ቅዳሜ ከሰዓት ሜትሬን ይዤ መኝታ ቤቱን ዞርኩት፤ በሙያዬ ነውና በኩራት ነበር የምለካው። ማታ ሄጄ ኦርቶ አብርቼ ቁጥሮቹን በተራ አስገባሁ። ወደ ላይ 3 ሜትር ከ89። ወደ ቀኝ 3 ሜትር ከ60። ወደ ታች 4 ሜትር። ወደ ግራ 3 ከ60። አራተኛው መስመር ከመነሻዬ ጋር ሊገናኝ ሲገባው ከሱ በታች 11 ሳንቲም ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ወለሉን ልቀባ ስል «ሃች» የሚባለው ትእዛዝ እምቢ አለ፤ ክፍት ቦታ አለ ብሎ በቀይ ክብ አሳየኝ። አጥር ላይ ፍየል የምትገባበት ቀዳዳ ሲገኝ እንደሚደረገው ሁሉም መጥቶ ከበበኝ።

«ልኬቱ ተሳስቷል ጋሼ» አለች ቲቸር።

እሁድ ማለዳ እንደገና ለካሁ። 3 ከ89። ከላይ ለካሁ፣ ከታች ለካሁ። ጥግ ለጥግ ገመድ ወጥሬ ለካሁ፤ ሁለቱ ሰያፎች አይተካከሉም። ሜትሩ ይሆናል ብዬ የጎረቤት ሜትር ተዋስኩ። ባለቤቴ ቡናዋን እየቆላች ከበሩ ሆና ታየኛለች። ሃያ ዓመት በሰው ቤት በር ላይ «ይህን የሠራው ማን ነው? ጠማማ ነው» እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። እንዴት ብዬ ነው የምነግራት? ሰኞ ማታ ለቲቸር ብቻ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ልኬቱ ልክ ነው፤ ጠማማው ቤቱ ነው» አልኳት።

ልጅቷ ደግ ናት፤ አልሳቀችም። «ፊሌት» የሚባለውን ጻፈች፣ ራዲየሱን ዜሮ አደረገች፣ አንዱን መስመር ነካች፣ ሌላኛውን ነካች። ጥግ ሆነ። ያ ሁሉ 11 ሳንቲም በሁለት ክሊክ የት እንደገባ አላውቅም። ወለሉ ተቀባ። «ለልምምድ ይሁን ጋሼ፤ እውነተኛው ቢሆን ግን ግድግዳውን አዘንብለን ነበር የምንሥለው» አለችኝ። እኔ ግን የተዘጋውን ወድጄዋለሁ። አትሜ ወሰድኩት።

ባለቤቴ ወረቀቱን ተቀብላ መብራቱ ሥር ይዛ ብዙ አየችው። በሩን አገኘችው፤ መስኮቱን አገኘችው። አልጋውን አገኘችና «ትራሱ በዚህ በኩል ነው» ብላ አረመችኝ። ከዚያ ጣቷን ቁም ሳጥኑ ከግድግዳው ጋር ልጥፍ ብሎ በተሣለበት ጥግ ላይ አሳረፈች። እውነተኛው ቁም ሳጥን፣ እዚያው ከጀርባዋ ያለው፣ ግድግዳው ዘንበል ስላለ በአንድ ወገን ነክቶ በሌላው ወገን ሦስት ጣት ያህል ይርቃል። የእኛ ዝናብ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነው፤ እዚያች ክፍተት ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ዕቃ እንደተሰካ ነው።

«ይሄ ተዘግቷል» አለች።

«አዎ፣ ዘጋነው። ፊሌት ይባላል።»

«ታዲያ ጃንጥላዬን የት ላደርገው ነው?»